የፈጣሪን ስም በአይሁድ ሥርዓት አክብሮ ለመጻፍና ለመጥራት

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የትርጉምና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ ስሠራ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። በእነዚህ ዓመታት ለአይሁዳውያን እንግዶች የሚላኩ የጥሪ ደብዳቤዎችን፣ የሐዘን መግለጫዎችን፣ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ጥቅስ የሚሰፍርባቸውን የምስክር ወረቀቶችና በእስራኤል አገር ለሚኖሩ ወገኖች የሚጻፉ መልእክቶችን አዘጋጅቻለሁ። የጽሑፉ ባለቤቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ የፈጣሪን ስም እንዴት ቢጽፉና እንዴት ቢጠሩ የእንግዳቸውን ሃይማኖት እንደሚያከብሩ ነው። ጥያቄው ከቅንነት የመነጨ ስለሆነ «ስሙን ዝም ብላችሁ ተዉት» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሥርዓቱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ያልተጠበቀ ሁኔታ ሲገጥመው ማንም ሳይነግረው ትክክለኛውን ሊያደርግ ይችላል።

ምክንያቱ የሚገኘው በኦሪት ዘዳግም 12፥3-4 ላይ ነው። እስራኤላውያን ወደ ምድሪቱ ሲገቡ የጣዖታቱን መሠዊያ እንዲያፈርሱና ስማቸውንም ከዚያ ስፍራ እንዲያጠፉ ከታዘዙ በኋላ፣ ለአምላካቸው ግን እንዲህ እንዳያደርጉ ይነገራቸዋል። የአይሁድ ሊቃውንት ከዚህ ቃል ያወጡት ሕግ፣ የፈጣሪ ስም አንዴ ከተጻፈ በኋላ አይፋቅም፣ አይሰረዝም፣ አይቀደድም፣ አይቃጠልም የሚል ነው። ብዙ ሰው አይሁዳውያን ስሙን እንዳይጽፉ የተከለከሉ ይመስለዋል። ነገር ግን የኦሪት ጥቅልላቸው፣ የጸሎት መጽሐፋቸውና በበራቸው መቃን ላይ የሚያኖሩት መዙዛ የተባለው የብራና ጽሑፍ ሁሉ ስሙ በሙሉ ፊደሉ የሰፈረባቸው ናቸው። የተከለከለው ማጥፋቱ ነው፤ ሊጠፋ በሚችል ነገር ላይ ያለመጻፍ ልማድ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ስለዚህ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት ወረቀቱ መጨረሻው የት እንደሚሆን ነው። በከተማችን ከቢሮ የወጣ ወረቀት ለቆራሌው ይሸጣል፤ ከዚያም ሲገላበጥ ቆይቶ በጉሊት የቆሎ ወይም የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ ልናገኘው እንችላለን። እኔ ራሴ ከመዝሙረ ዳዊት የተገነጠለ ቅጠል ቆሎ ተጠቅልሎበት እጄ ገብቶ ያውቃል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ሥርዓት ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር መስሎ ታይቶኝ አያውቅም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የቁርኣን ቃል የሰፈረበትን ወረቀት መንገድ ላይ ሲያዩ ጎንበስ ብለው እንደሚያነሡት፣ በአብያተ ክርስቲያናቱም ያረጀ የብራና መጽሐፍ በዕቃ ቤት እንደሚቀመጥ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው፣ የአይሁዳውያኑ ጥንቃቄ በቀላሉ የሚገባ ነው።

የማይፋቁት ስሞች

ጥንቃቄው በሁሉም ቃል ላይ አንድ አይደለም። ራምባም በሚል ምሕጻር የሚታወቁት የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ በሕግ መጽሐፋቸው ሰባት የማይፋቁ ስሞችን ይቆጥራሉ። በተለመደው አቆጣጠር የመጀመሪያው ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ በሚባሉት አራት የዕብራይስጥ ፊደላት የሚጻፈው ስም ሲሆን፣ በእርሱ ምትክ የሚነበበው «አዶናይ» (ጌታዬ) ከእርሱ ጋር ይቆጠራል። ቀጥለው «ኤል»፣ «ኤሎሃ»ና «ኤሎሂም» (አምላክ)፣ ለሙሴ በቁጥቋጦው ዘንድ የተነገረው «ኤህዬ»፣ «ሻዳይ» እና «ጸባዖት» ይመጣሉ። የፊደላቱ ስሞች በመዝሙር 118 ላይ በየክፍሉ አናት ስለሚገኙ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይሆኑም።

ከሰባቱ ውጭ ያሉት መጠሪያዎች፣ ማለትም መሐሪ፣ ርኅሩኅ፣ ታላቅ፣ ኃያል የመሳሰሉት፣ ፈጣሪን የሚገልጹ ቃላት እንጂ ስሞች ተብለው ስለማይቆጠሩ ቢጻፉም ሊፋቁ ይችላሉ። ለጸሐፊ ትልቁ እፎይታ ይህ ነው። በሚጣል ወረቀት ላይ ፈጣሪን መጥቀስ ሲያስፈልግ ከእነዚህ መግለጫዎች አንዱን መምረጥ ሁልጊዜ ይቻላል።

ሕጉ ምን ያህል በጥንቃቄ የተሠራ እንደሆነ የሚያሳየኝና እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ የቅጥያ ጉዳይ ነው። ዕብራይስጥ እንደ አማርኛ «ለ» የሚለውን ከስም ፊት፣ «ህ» የሚለውን የባለቤትነት ቅጥያ ደግሞ ከስም ኋላ ያስቀጥላል፤ «ለአምላክህ» እንደምንለው ማለት ነው። በሕጉ መሠረት ከፊት የመጣው «ለ» ሊፋቅ ይችላል፤ ከኋላ የመጣው ግን አይፋቅም፣ ምክንያቱም ቀድሞት የተጻፈው ስም ቀድሶታል። እንዲሁም ጸሐፊው «ኤሎሂም» ብሎ ሊጽፍ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ጽፎ ቢያቆም፣ ሁለቱ ፊደላት ራሳቸው «ኤል» የሚለውን ስም ስለሚሠሩ መፋቅ አይችልም፤ «ሻዳይ»ን ጀምሮ በሁለት ፊደል ቢያቆም ግን የተጻፈው በራሱ ስም ስላልሆነ ይፋቃል።

ኦሪትን በብራና ላይ የሚጽፈው ሰው፣ በዕብራይስጥ «ሶፌር» የሚባለው፣ ስሙን ከመጻፉ በፊት ለስሙ ቅድስና ብሎ እንደሚጽፍ በቃሉ ይናገራል። በራምባም ሕግ ስሙን በመጻፍ ላይ ሳለ የእስራኤል ንጉሥ እንኳ ሰላምታ ቢሰጠው አይመልስም። ስሙን ሲጽፍ ከተሳሳተ ፍቆ ማስተካከል ስለማይችል ያ የብራና ቅጠል ከአገልግሎት ወጥቶ ይቀመጣል፣ ቅጠሉም እንደገና ከመጀመሪያው ይጻፋል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ጸሐፊ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ልዩነት አለ። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፤ ክብሩን የሚያሳዩት በቀለሙ ነው። በአይሁድ ሥርዓት ግን የኦሪት ጥቅልል ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም ይጻፋል። በጥንት ዘመን የእግዚአብሔር ስሞች በሙሉ በወርቅ የተጻፉበት የኦሪት ጥቅልል ለሊቃውንቱ ቀርቦ፣ ለንባብ እንዳይውልና በክብር ከአገልግሎት እንዲወጣ መወሰናቸው ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱም ልማዶች ከአክብሮት የመጡ ስለሆኑ አንዱን በሌላው መመዘን ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን ለአይሁዳዊ የሚሰጥ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ስሙን በቀይ ወይም በወርቃማ ቀለም ማድመቅ በእርሱ ዘንድ እንደ ክብር እንደማይቆጠር ይወቁ።

ጥንቃቄው ወደ ቁጥር ሳይቀር ይዘልቃል። በዕብራይስጥ ፊደላት የቁጥር ዋጋ ስላላቸው 15 ቁጥር በተለመደው መንገድ 10 እና 5 ተብሎ ቢጻፍ ዮድና ሄ ይሆናል፣ ይህም ከስሙ ግማሽ ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ 9 እና 6 ብለው ይጽፉታል። 16ንም በተመሳሳይ ምክንያት 9 እና 7 ብለው ይጽፋሉ። የዕብራይስጥ ቀን የሚገባበት የጥሪ ካርድ ከሠሩ፣ ፊደላቱን በራስዎ ስሌት ከመደርደር ይልቅ ከታተመ የአይሁድ ቀን መቁጠሪያ ላይ እንዳሉ ይገልብጡ።

በአማርኛ ሲጽፉ

ከሰባቱ ስሞች ጋር የተያያዘው ጥብቅ ሕግ የሚመለከተው የዕብራይስጡን ጽሕፈት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት ሊቅ ሻብታይ ሃኮሄን በሌላ ቋንቋ የተጻፈ የፈጣሪ መጠሪያ በመፋቅ ረገድ እንደ ስሙ እንደማይቆጠር ጽፈዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ አንዳንድ ሊቃውንት ግን በሌላ ቋንቋም ቢሆን ወረቀቱ እንዳይዋረድ መጠንቀቅ እንደሚገባ አስተምረዋል። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ብዙ አይሁዳውያን የቃሉን መካከለኛ ፊደል አውጥተው በምትኩ ሰረዝ የሚያስገቡት ከዚህ የተነሣ ነው።

የአማርኛው ጸሐፊ ይህን ሰረዝ መኮረጅ አለበት ብዬ አላምንም። «እግዚአብሔር» ከሚለው ቃል አንድ ፊደል አውጥቶ ሰረዝ ቢያስገባ፣ የአማርኛ አንባቢ የሚያየው የፊደል ግድፈት እንጂ አክብሮት አይደለም። በችኮላ የምንጽፈው «እግ/ር» የሚለው አሕጽሮትም አይጠቅምም፤ እርሱ ከ«ጽ/ቤት» እና ከ«ወ/ሮ» ጋር የሚቆጠር የቦታ ቁጠባ ስለሆነ የጥንቃቄ መልእክት አያስተላልፍም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ተጠብቆ በሚቆይ ጽሑፍ ላይ፣ ለምሳሌ በመጽሐፍ ወይም በመስታወት ውስጥ በሚሰቀል የምስክር ወረቀት ላይ፣ «እግዚአብሔር» ብዬ በሙሉ እጽፋለሁ። ለአንድ ቀን ስብሰባ በሚታደልና ማታ በሚጣል የመርሐ ግብር ወረቀት ላይ ግን «ፈጣሪ»፣ «ልዑል» ወይም «መሐሪው አምላክ» እላለሁ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ካስፈለገም ቃሉን ከማስፈር ይልቅ ምዕራፉንና ቁጥሩን ብቻ አስቀምጣለሁ።

ደስ የሚያሰኘው፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ረገድ ከአይሁዳውያኑ የንባብ ልማድ የራቀ አለመሆኑ ነው። አይሁዳዊው አንባቢ ባለ አራት ፊደሉን ስም በዓይኑ እያየ በአንደበቱ «ጌታዬ» እንደሚል፣ የእኛም ተርጓሚዎች በዚያ ስፍራ «እግዚአ» እና «ብሔር» ከሚሉት የግእዝ ቃላት የተሠራውን፣ ጌትነትን የሚናገረውን መጠሪያ አኑረዋል። አይሁዳውያን በጸሎትና በልመና «ሪቦኖ ሼል ኦላም» ማለትም «የዓለም ጌታ» ሲሉ የሰማ የግእዝ ተማሪ ዝምድናውን ወዲያው ያስተውላል። መዝሙረኛው ስሙን በቀጥታ በሚጣራበት ስፍራ ደግሞ የአማርኛው ትርጉም ብዙ ጊዜ «አቤቱ» ይላል። ስለዚህ ለአይሁዳዊ እንግዳ መዝሙረ ዳዊትን በአማርኛ ሲያነቡ አንድም ቃል መለወጥ አያስፈልግዎትም፤ እንደተጻፈው ያንብቡት።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚህ ወጥቶ ባለ አራት ፊደሉን ስም በድምፁ ለማስፈር ሲሞከር ነው። በ«ያ» የሚጀምረውና በመዝሙርም በታክሲ መስታወት ላይም የምናገኘው መጠሪያ፣ ምሁራን ስሙ በጥንት ዘመን ይነበብ ነበር ብለው ያቀረቡት ንባብ ነው። በ«ይ» የሚጀምረው ሌላው መጠሪያ ደግሞ የዕብራይስጥ ጸሐፊዎች አንባቢው «አዶናይ» እንዲል ለማስታወስ በአራቱ ፊደላት ላይ የሌላውን ቃል አናባቢ ምልክቶች ከማኖራቸው የተነሣ፣ ሁለቱ ተደባልቀው በመነበባቸው የመጣ ነው። የእኛ ሰዎች እነዚህን ቃላት የሚጽፉት በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ በራሳችን ጸሎትና መዝሙር ውስጥ የምናደርገውም የራሳችን ጉዳይ ነው። ለአይሁዳዊ በሚላክ ጽሑፍ ላይ ግን ሁለቱንም እንዳይጠቀሙ አጥብቄ እመክራለሁ፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ በሙሉ ፊደላቸው ያላሰፈርኳቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

በእስራኤል ለሚኖር የቤተ እስራኤል ሽማግሌ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ነገሩ ይለያል። የቤተ እስራኤል ቅዱስ መጽሐፍ በግእዝ የተጻፈው ኦሪት ነው፤ ታልሙድ የተባለው የሊቃውንቱ የሕግና የትምህርት ስብስብና ከእርሱ የመነጩት ድንጋጌዎች በቀድሞው ዘመን በእነርሱ ዘንድ አልነበሩም። ቄሶቻቸው በግእዝ ሲጸልዩ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ይላሉ። ለእንዲህ ያሉ አባት ሲጽፉ «እግዚአብሔር» ብለው በሙሉ ይጻፉ፤ አይሁዳውያን በፈጣሪ ስም ምትክ በሚሉት «ሃሼም» (ስሙ) ወይም በሌላ ምትክ ቃል ቢለውጡት የለመዱትን የአባቶቻቸውን ቃል እንደመንፈግ ሊሆን ይችላል። በእስራኤል ተምረው ያደጉ ልጆቻቸው ግን «ሃሼም» ማለትን ይበልጥ ለምደውት ሊሆን ስለሚችል፣ ደብዳቤው ለማን እንደሚነበብ አስቀድመው ይጠይቁ።

የዕብራይስጥ ፊደል የሚገባ ከሆነ

ከዓመታት በፊት በአንድ ሆቴል ለሚደረግ የመታሰቢያ ዝግጅት 200 የመርሐ ግብር ወረቀት እንድሠራ ታዝዤ ነበር። ወረቀቱ እንዲያምር ብዬ አራቱን የዕብራይስጥ ፊደላት ከመጽሐፍ ላይ ገልብጬ በአናቱ ላይ በወርቃማ ቀለም አስቀመጥኳቸው። ዝግጅቱ ሲያልቅ አንድ አረጋዊ አይሁዳዊ እንግዳ በየጠረጴዛው የቀሩትንና ወለል ላይ የወደቁትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ሲለቅሙ አየኋቸው። ልረዳቸው ስጠጋ በቁጣ ቃል አልተናገሩኝም፤ የጠየቁኝ የቀሩት የት እንዳሉ ብቻ ነበር። ቡናና ሻይ የፈሰሰባቸው፣ በእግር የተረገጡና በአስተናጋጆች ወደ ቆሻሻ ዕቃ የተጣሉ ነበሩ። ከእርሳቸው ጋር ሆነን የቻልነውን ያህል ሰበሰብን። ያን ምሽት የተሰማኝን ሐዘን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ስለዚህ አራቱን ፊደላት ለጌጥ አይጠቀሙባቸው። የዕብራይስጥ ጥቅስ ማስገባት ግድ ከሆነ፣ በዕብራይስጥ ኅትመት እንደተለመደው በስሙ ስፍራ «ሄ» የሚለውን አንድ ፊደል ከጭረት ጋር ወይም ሁለት ዮድ ማስቀመጥ ይቻላል። በደብዳቤ አናት ላይ ብዙ አይሁዳውያን የሚጽፉት «በሲያታ ዲሽማያ» የሚለው የአራማይክ ሐረግ ምሕጻር ሲሆን፣ ትርጉሙ «በሰማይ ረዳትነት» ማለት ነው። «ሰማይ» ብለው ፈጣሪን ማለታቸው ስለሆነ ወረቀቱ ቢጣል የሚጠፋ ስም አይኖርበትም።

ከወረቀት ውጭ ባለ ዕቃ ላይም ሕጉ ያው ነው። ራምባም ስሙ የተቀረጸበት ዕቃ ቢኖር ስሙ ያለበት ቦታ ተቆርጦ ወጥቶ በክብር እንዲቀመጥ፣ ስሙ በገላው ላይ የተጻፈበት ሰውም እንዳይታጠብና ቅባት እንዳይቀባ ይደነግጋሉ። ዛሬ በከተማችን መሐል ፎቶና ጥቅስ በኩባያ፣ በቲሸርትና በቁልፍ መያዣ ላይ የሚያትሙ ቤቶች ስላሉ፣ ለእንግዳ ስጦታ የሚያሠራ ሰው ይህን ድንጋጌ ማሰብ አለበት። በየቀኑ የሚታጠብ ኩባያና የሚለበስ ልብስ ለዚህ ስም የሚሆኑ ቦታዎች አይደሉም። ወርቅ ቤት ሄደው በዕብራይስጥ ፊደል ስሙ ያለበትን የአንገት ጌጥ ሊያሠሩ ያሰቡ ወዳጆቼንም ስመክር፣ ጌጡ ከባለቤቱ ጋር ወደ መታጠቢያና ወደ መጸዳጃ ቤት እንደሚገባ፣ ሲያረጅም አንጥረኛው እንደሚያቀልጠው አሳስባቸዋለሁ፤ ማቅለጥ ደግሞ ማጥፋት ነው።

በኮምፒውተርና በስልክ ስክሪን ላይ የሚታየው ጽሑፍ በአብዛኞቹ የዘመናችን የሕግ ሊቃውንት አስተያየት እንደ ጽሕፈት ስለማይቆጠር ሊሰረዝ ይችላል። ጥንቃቄው የሚጀምረው ለማተም ሲታዘዝ ነው። በመሆኑም የሙከራ ቅጂ እያተሙ ከማረም ይልቅ እርማቱን በሙሉ በስክሪን ላይ ይጨርሱ።

ስሙን በአንደበት

ባለ አራት ፊደሉን ስም እንደተጻፈው መጥራት፣ ቤተ መቅደሱ በኢየሩሳሌም ቆሞ በነበረበት ዘመን በካህናቱ አገልግሎት ውስጥ የተወሰነ ነበር። ሊቀ ካህናቱ በማስተስረያ ቀን ስሙን 10 ጊዜ ይጠራው እንደነበር ታልሙድ ይናገራል፤ በግቢው የቆመውም ሕዝብ ስሙ ሲጠራ ሲሰማ በግንባሩ እየተደፋ «የመንግሥቱ ክብር ስም ለዘላለም ዓለም ይባረክ» ይል ነበር። ቤተ መቅደሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ከፈረሰ በኋላ ይህ አገልግሎት ቀረ። አይሁዳዊ ዛሬ በጸሎትና በኦሪት ንባብ ጊዜ በዚያ ስም ስፍራ «አዶናይ» ይላል፤ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን በተጻፉበት ስፍራ ደግሞ፣ «አዶናይ» እንዳይደገም፣ ባለ አራት ፊደሉን «ኤሎሂም» ብሎ ያነበዋል።

«አዶናይ»ም ራሱ የጸሎት ቃል ስለሆነ በተራ ጨዋታ መካከል አይጠራም። በዚያን ጊዜ የሚባለው «ሃሼም» ሲሆን ትርጉሙ «ስሙ» ማለት ብቻ ነው። ጥንቁቆቹ ሌሎቹንም ስሞች ከጸሎት ውጭ በአንድ ድምፅ ይለውጧቸዋል፤ «ኤሎሂም» የሚለውን «ኤሎኪም»፣ «ኤል» የሚለውን «ኬል»፣ «ሻዳይ» የሚለውን «ሻካይ» ይላሉ። «ሃሌ ሉያ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይም የስሙ ክፍል ስላለ «ሃሌሉካ» የሚሉ አሉ። እንግዳዎ እንዲህ ሲሉ ቢሰሙ ቃሉን የተሳሳቱ መስሎዎት አያርሟቸው። እንደ ሚካኤል ያሉ የሰው ስሞች ግን እንደወትሮው ይጠራሉ። ልጆች ቡራኬውን በሚማሩበት ጊዜም መምህሩ ስሙን በሙሉ ማሰማት ይፈቀድለታል፣ አለበለዚያ ልጁ ምትክ ቃሉን እንደ ጸሎት ይይዘዋልና።

በአማርኛ በሚደረግ ጭውውት «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለትን መተው አያስፈልግም። እንደምን አደሩ ለሚለው ጥያቄ የአይሁዳዊው መልስ «ባሩክ ሃሼም» ነው፣ ይህም ከእኛው ምስጋና ጋር አንድ ነው። በአንጻሩ ዋጋ ሲከራከሩ ወይም ነገር ሲያስረግጡ «እግዚአብሔርን!» ብሎ መማል በእንግዳው ፊት ባይደረግ መልካም ነው፤ በአይሁድ ሥርዓት ያለ አስፈላጊ ምክንያት የተደረገ መሐላ እውነት ቢሆንም እንኳ ስሙን በከንቱ ከመጥራት ይቆጠራል። ቡራኬ ሳይቀር ያለ ቦታው ስሙ እንዳይጠራበት ይጠበቃል። አንድ ሰው «አቤቱ፣ አንተ ቡሩክ ነህ» ብሎ ቡራኬ ከጀመረ በኋላ ቡራኬው እንደማያስፈልግ ትዝ ቢለው፣ «ሥርዓትህን አስተምረኝ» ብሎ ይጨርሰዋል፤ እንዲህ ሲያደርግ የመዝሙር 118ን (በዕብራይስጡ ቁጥር 119) 12ኛ ቁጥር አነበበ እንጂ ስሙን በከንቱ አልጠራም።

ሐዘን ለመድረስ ከሄዱ ደግሞ አይሁዳውያን ሐዘንተኛን የሚያጽናኑበት ቃል «ሃማኮም» ብሎ እንደሚጀምር ይወቁ፤ «ሥፍራው ያጽናናችሁ» እንደማለት ነው። ሊቃውንቱ ፈጣሪን «ሥፍራ» ያሉበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ እርሱ የዓለም ሥፍራ ነው፣ ዓለም ግን የእርሱ ሥፍራ አይደለችም ይላሉ። ቃሉን በዕብራይስጥ ለማለት መጣር ግዴታ አይደለም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በቂና ያማረ ነው።

በየቀኑ የምንለዋወጠው «ሰላም» የሚለው ቃልም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አለው። በመጽሐፈ መሳፍንት 6፥24 ጌዴዎን መሠዊያውን በእግዚአብሔርና በሰላም ስም ስለጠራው፣ የታልሙድ ሊቃውንት ሰላም ከፈጣሪ መጠሪያዎች አንዱ እንደሆነ ተረድተው ራቁት በሚሆኑበት የመታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው «ሻሎም» ብሎ ሰላምታ እንዳይሰጥ ከልክለዋል። በደብዳቤ ላይ ቃሉን በሙሉ ፊደሉ ከመጻፍ የሚጠነቀቁም ነበሩ።

አገልግሎቱን የጨረሰ ወረቀት

ስሙ ያለበት ወረቀት ሲያረጅ የሚቀመጥበት ስፍራ «ጌኒዛ» ይባላል። ያረጁ የጸሎት መጻሕፍትና ቅጠሎች እዚያ ከተጠራቀሙ በኋላ በመቃብር ቦታ ይቀበራሉ፤ ያረጀ የኦሪት ጥቅልል በሸክላ ዕቃ ሆኖ በሊቅ መቃብር አጠገብ እንዲቀበር ታልሙድ ይናገራል። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው በካይሮ ፎስጣጥ በሚገኘው የቤን ዕዝራ ምኩራብ የነበረው ጌኒዛ ነው። በዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት የቅዱሳት መጻሕፍት ቅጠሎች ብቻ ሳይሆኑ የነጋዴ ደብዳቤዎችና የጋብቻ ውሎች ጭምር ሲከማቹ ቆይተዋል። ሊቁ ሰሎሞን ሼክተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 መጨረሻ ወደዚያ ሄደው አብዛኛውን ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያመጡ ሲሆን፣ በእርሳቸው ስም በሚጠራው የዩኒቨርሲቲው ስብስብ ብቻ 193,000 ያህል ቁርጥራጮች ይገኛሉ። ስለ መካከለኛው ዘመን የሜዲትራኒያንና የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር የተገኘው፣ እነዚያ ሰዎች ስሙ ሊኖርበት የሚችል ወረቀት ለመጣል ባለመድፈራቸው ነው።

በፒያሳ ቤኒን ሰፈር የሚባለው መጠሪያ በየመን ካለችው ከኤደን ከተማ መጥቶ በከተማችን ይነግድ ከነበረ የአይሁድ ቤተሰብ ስም የተረፈ ነው። የድሮው ፒያሳ ሲፈርስና ነዋሪው ሲነሣ በየበሩ የተከመረውን አሮጌ ወረቀትና መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር፣ በመካከሉ እንዲህ ያለ ቅጠል ይኖር ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። በእጅዎ የዕብራይስጥ የጸሎት መጽሐፍ ወይም ቅጠል ቢገባ ከሌላው አሮጌ ወረቀት ጋር አይሽጡት፣ አያቃጥሉት፣ በወረቀት መፍጫ ማሽንም አይክተቱት። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ጠቅልለው ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጡት፣ ሌላ ዕቃም አይጫኑበት። ወደ አገሩ የሚመለስ አይሁዳዊ እንግዳ ካገኙ ይስጡት፣ በደስታ ይወስደዋል። እንግዳው በዚህ እንዲቀበር ከፈለገ ደግሞ ሰው በማይረግጠው ንጹሕ መሬት ውስጥ እንደተጠቀለለ ይቅበሩት።

በሥራ መካከል ስሙን በዕብራይስጥ ፊደል አሳስተው ጽፈው ወይም አትመው ቢገኙ በላዩ ላይ መስመር አያስምሩ፣ በነጭ ቀለምም አይሸፍኑት፣ ጨምድደውም አይጣሉት። ወረቀቱን እንዳለ ወደ ጎን አድርገው በአዲስ ወረቀት እንደገና ይጀምሩ። እኔ ለዚሁ ብዬ ከማተሚያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ክዳን ያለው ካርቶን አስቀምጫለሁ። ቆራሌው በየሳምንቱ መጥቶ አሮጌውን ወረቀት ሲመዝን ያ ካርቶን እንደማይነካ ከእኔ ጋር የሚሠሩት ልጆች ያውቃሉ፤ ሲሞላም ክዳኑን አሽጌ፣ የሚወስደው ሰው እስኪመጣ ድረስ አስቀምጠዋለሁ።